የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብርን ለሚማሩ

የዚህ እትም ደብዳቤዎች የመጡት የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብርንና ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ ዲዛይንን በዩኒቨርሲቲ ከሚማሩ ወይም ሊማሩ ካሰቡ ሰዎች ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር የሚል ኮርስ ጀምረናል። ስዕል አልችልም፣ ቀለም መምረጥም አይሆንልኝም። ሲኒየሮች ግን «ስላይዱን ሸምድደሽ የምታልፊው ቀላል ኮርስ ነው» ይሉኛል። እንዴት ልያዘው? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ስዕሉ አያሳስብሽ። ሳጥንና ቀስት መሳል ከቻልሽ ይበቃል። የሚከብደው ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ሲቸገር እጅን ሰብስቦ ማየትና ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መጻፍ ነው። እሱ ደግሞ ከስላይድ አይሸመደድም።

ትምህርቱ ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮምፒውተር ከባለሙያዎች እጅ ወጥቶ የቢሮ ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ሲጀምር ነው። ያለ ስህተት የሚሠራ ፕሮግራም ሆኖ ሰው ሊሠራበት ያልቻለ ብዙ እንደነበረ ያኔ ታየ። የዘርፉ ባለሙያዎች ማኅበር ሲግካይ በ1982 ተመሠረተ። በ1985 ተመራማሪዎቹ ጆን ጉልድና ክሌይተን ሉዊስ ዛሬም የሚጠቀሱትን ሦስት መርሆች አሳተሙ፦ ተጠቃሚውንና ሥራውን ከመነሻው ማወቅ፣ በተግባር እየፈተኑ መለካት፣ በውጤቱ መሠረት ደጋግሞ ማሻሻል። አይኤስኦ 9241-210 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ሂደቱን በአራት ሥራዎች ያስቀምጠዋል። ምርቱ የት፣ በማን፣ ለምን እንደሚሠራበት ማጥናት፤ የተጠቃሚውን ፍላጎት መወሰን፤ ዲዛይን ማውጣት፤ ዲዛይኑን መገምገም። ግምገማው ጉድለት ካሳየ ወደሚመለከተው ሥራ ተመልሶ መጀመር ነው።

አብዛኛው ቡድን የሚወድቀው ግምገማውን ለመጨረሻው ሳምንት ሲያቆይ ነው። ኮዱ ካለቀ በኋላ የተገኘ ችግር አይስተካከልም፤ ሪፖርቱ ጀርባ «ወደፊት የሚሠራ» በሚል ርዕስ ሥር ይቀራል። 16 ሳምንት ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ለምልከታ፣ አራተኛውን ፍላጎቱን ጽፎ ለመጨረስ፣ አምስተኛውን ለወረቀት ፕሮቶታይፕ (ስክሪኖቹ በወረቀት ለሚሠሩበት የሙከራ ናሙና) ስጡ። በስድስተኛው አምስት ሰዎች ላይ ሞክሩት፤ አስተካክላችሁ በዘጠነኛው እንደገና ሞክሩ። ኮድ መጻፍ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አስራ አምስተኛውን ለሦስተኛ ሙከራ አስቀሩት።

ምልከታ ማለት ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሄዶ ማየት ነው። ለምሳሌ የፋርማሲ ፕሮግራም ከሆነ፣ ባለቤቱን አስፈቅደሽ ሁለት ሰዓት ያህል ቁሚ፤ አንዴ ሰው በሚበዛበት፣ አንዴ በሚቀንስበት ጊዜ። «ሠራተኛዋ ተሰላችታለች» ብለሽ አትጻፊ፤ «የመድኃኒቱን ስም ሦስት ጊዜ ጻፈች፣ ሁለቴ ሰረዘች፣ ባልደረባዋን ጠየቀች» ብለሽ ጻፊ። ከኮምፒውተሩ ጎን ያለውን ደብተርና ስክሪኑ ዳር የተለጠፈውን ወረቀት በተለይ እዪ። ሰው በእጁ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ ያልያዘለትን ነገር ስለሆነ፣ የፕሮጀክትሽ ምርጥ ሐሳብ እዚያ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ከንድፈ ሐሳቡ አንዱን በደንብ ያዢ፦ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን የፊትስ ሕግ። ጣት ወይም ማውስ ዒላማው ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በርቀቱና በዒላማው ስፋት ይወሰናል። ትንሽና ሩቅ በተን ጊዜ ይፈጃል፣ ያሳስታልም። የአንድሮይድ መመሪያ የሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ (ስክሪን ቢለያይም መጠኑን የሚጠብቅ መለኪያ) ይሁን የሚለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን አራት ሆነን የአገር አቋራጭ አውቶብስ ትኬት የሚቆረጥበት አፕ ሠርተን 20 ሰዎች ላይ ሞከርነው። ሁሉም «በጣም አሪፍ ነው፣ በርቱ» አሉን። አማካሪያችን ግን ይህን ውጤት አልቀበልም አሉ። ምን አጠፋን? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ አማካሪያችሁ ልክ ናቸው። ሃያ ሰዎች መርቀዋችኋል፤ አፑ ይሠራላቸው እንደሆነ ግን ገና አላወቃችሁም።

ፊቱ ለቆመ ተማሪ «የሠራኸው አልገባኝም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ይሉኝታው አለ፤ «አላዋቂ እባላለሁ» የሚለው ፍርሃትም አለ። ይህ በእኛ ዘንድ ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በህንድ ባንጋሎር ከተማ 450 ሰዎች የተጠየቁበት ጥናት አለ። ተጠያቂዎቹ ጠያቂው ራሱ እንደሠራው ያመኑትን ቴክኖሎጂ የመምረጥ ዕድላቸው ከሌላው 2.5 እጥፍ ነበር፤ ጠያቂው አስተርጓሚ የሚያስፈልገው የውጭ አገር ሰው ሲሆን ወደ 5 እጥፍ ከፍ አለ። ስለዚህ አስተያየት መጠየቅ ትታችሁ ሥራ ስጡ፣ የሚሆነውንም እዩ።

አምስት ወይም ስድስት ሥራ አዘጋጁ። ሥራው ሰው በኑሮው የሚገጥመው ጉዳይ ይሁን፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል አትጠቀሙ። «ትኬት ቁረጥ የሚለውን ተጭነው ደሴን ይምረጡ» ካላችሁ መንገዱን ነገራችኋቸው፣ የፈተናችሁት ማንበብ መቻላቸውን ብቻ ነው። «የፊታችን ቅዳሜ ደሴ ለቅሶ መድረስ አለብዎት፤ ከእህትዎ ጋር ነው የሚሄዱት፤ ቦታ ይያዙ» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ በተለይ ሰውየው ትክክለኛውን በተን አይቶ ሲያልፈው። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደምታግዟቸው አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በፊት «ልክ ነኝ?» ብለው ቢጠይቋችሁ «ብቻዎን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ መልሱ።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዱ ያነጋግር፣ አንዱ ይጻፍ። አራታችሁም ከከበባችሁት ፈተና ይመስለዋል። «አፑን የሠራነው እኛ ነን» አትበሉ፤ «ችግሩን ለማግኘት ነው የመጣነው፤ የሚፈተነው አፑ ነው፣ እርስዎ አይደሉም» በሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ነገር ይመዝገብ፦ ብቻውን ጨረሰ፣ በእገዛ ጨረሰ ወይስ አልጨረሰም፤ ስንት ደቂቃ ወሰደ፤ የት ተሳሳተ፤ የት ቆመ። የመጨረሻው በጣም ይጠቅማል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጣቱ አየር ላይ የቀረበትን ስክሪን ጻፉ።

«ያሰቡትን ጮክ ብለው ይናገሩ» የሚለው ዘዴ በመጽሐፍ ላይ እንዳለው አይሄድ ይሆናል። ብቻውን የሚያወራ ሰው መምሰል የሚያሳፍረው ብዙ ነው፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው። እንዲህ ሲሆን ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎችን አንድ ስልክ ሰጥታችሁ አብረው እንዲሠሩ አድርጉ። «ቆይ እሱን አትንካ፣ ገንዘቡን ይቆርጥብሃል» ሲባባሉ ልትጠይቁት ያልቻላችሁትን ትሰማላችሁ። ስልኩን የያዘው ማን እንደነበረ መመዝገብ አትርሱ፤ ደፋሩ ሁለተኛውን ሊሸፍነው ይችላል።

የዶርም ጓደኞቻችሁን አታስገቡ። መናኸሪያ ሄዳችሁ ትኬት የሚቆርጡ ሰዎችን ያዙ። ስልኩም እነሱ የሚይዙት ዓይነት፣ ርካሽ አንድሮይድ ይሁን፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥና ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ሲደበዝዝ ምን እንደሚሆን እዩ። ክፍያ ካለበት የሙከራ አካውንት ስጡ እንጂ ማንንም የራሱን የሚስጥር ቁጥር እንዲያስገባ አታድርጉ። የትራንስፖርት ገንዘብ ካሰባችሁ ከመጀመሩ በፊት ንገሯቸው፣ መሃል ላይ ቢያቋርጡም ክፈሉ። የፈቃድ ቅጹን ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

ሃያ ሰው በአንድ ዙር ብዙ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጄኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስሌት አንድ ሰው በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ያገኛል። አምስት ሰው ሳያየው የሚቀረው 0.69 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 16 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው 84 በመቶ ይገኛል። ይህ ግን ለሚበዛው ችግር ነው። ከአሥር ሰው አንዱን ብቻ የሚገጥም ችግር በአምስት ሰው የመታየት ዕድሉ 41 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ሞክሩ፣ አስተካክሉ፣ ሌላ አምስት ሞክሩ። ተሳፋሪና ትኬት ሻጭ የተለያየ ሥራ ስላላቸው ለየብቻቸው አምስት አምስት ይያዙ።

ሪፖርቱ ላይ «100 በመቶ ተሳክቷል» ብላችሁ አትጻፉ። አምስት ከአምስት መጨረሱ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲሰላ የታችኛው ወሰን 48 በመቶ ገደማ ነው፤ ማለትም ከሁሉም ተጠቃሚዎች የሚጨርሰው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሊሆን ይችላል። «5 ከ5» ብላችሁ ጻፉት፤ ሐቀኛው ቁጥር ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ አፓችንን ወደ አማርኛ መልሰነዋል። ከመተርጎም ሌላ ምን ይቀረናል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ብዙ ይቀራችኋል፤ ደግሞም ሌላ አገር ያለ ዲዛይነር የማይሠራላችሁ ክፍል ነው።

በሰዓቱ ጀምሩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ አውቶብስ አፑ ላይ «5:00» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተሳፋሪው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ብሎ አንብቦት አውቶብሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ዳታቤዙ ላይ አንድ ዓይነት አቆጣጠር ይዛችሁ፣ ለሰው ስታሳዩት «ከሌሊቱ 11:00 ሰዓት» ብላችሁ የቀኑን ክፍል ጨምራችሁ ጻፉት። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ካለ ከሥሩ ይጨመርለት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ የቀን መምረጫ ጳጉሜን ሊያሳይ አይችልም። ጳጉሜ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ናት። ስድስት የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት በሚተርፍበት ዓመት መጨረሻ ነው፤ 2015 እንዲህ ነበረ። በማግስቱ የገባው አዲስ ዓመትም በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ በ12 ዋለ። «ዓመቱ ላይ ስምንት መቀነስ» የሚል ኮድ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር ማለቂያ ባለው ጊዜ ይሳሳታል፣ ያኔ ልዩነቱ ሰባት ስለሆነ። በኮዳችሁ ላይ እነዚህን የድንበር ቀኖች ለይታችሁ ፈትኑ።

ስም ላይ «የመጀመሪያ» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አንዱን ተጠቃሚ የአባቱን፣ ሌላውን የአያቱን ስም ያስጽፋሉ፤ ከዚያ ትኬቱ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ሳጥን አድርጉ፤ ዝርዝሩንም በራሱ በሰውየው ስም ቅደም ተከተል አሳዩ።

ፍለጋ ብዙ አፕ የሚወድቅበት ቦታ ነው። «ሐረር» ብሎ የጻፈና «ሀረር» ብሎ የጻፈ አንድ ከተማ ማግኘት አለባቸው። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ከነርቢዎቻቸው ወደ አንድ ፊደል የሚያመጣ ተግባር ጻፉ፤ ሀንና ሃን፣ አንና ኣንም ጨምሩበት። ይህን ለፍለጋው ብቻ ተጠቀሙ፤ ሰውየው የጻፈውን ስሙን አትቀይሩበት። ለከተሞች ሁለተኛ ስም ይኑራችሁ፦ አዳማ የሚልም ናዝሬት የሚልም፣ ቢሾፍቱ የሚልም ደብረ ዘይት የሚልም ይመጣል። በላቲን ፊደል የሚጽፈውንም አትርሱ።

በመጨረሻ ፊደሉን እዩት። ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ በና ቨ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለው ጭረት ነው። ለላቲን ፊደል ተብሎ የተጠበበ የመስመር ቁመት አናቱን ቆርጦ አንዱን ሌላውን ያስመስለዋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በእንግሊዝኛው በትልልቅ ፊደል ጎላ ያለው ርዕስ በአማርኛው ከተራው ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል፤ በመጠን ወይም በድምቀት ለዩት። እንዲህ ያለውን ሁሉ ርካሹ ስልክ ላይ፣ መነጽር በሚያደርግ ሰው ዓይን ፈትኑት።

ጥያቄ፦ አንድ ሲስተም ለአጠቃቀም ምን ያህል እንደሚመች የሚለካውን፣ ኤስዩኤስ የሚባለውን ባለ አሥር ጥያቄ መጠይቅ ተጠቅሜ አማካይ ውጤቴ 3.4 ሆነ። ጥሩ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስሌቱ ትክክል ስላልሆነ ጥሩም መጥፎም ማለት አይቻልም። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ይህ መጠይቅ ከ1 (አልስማማም) እስከ 5 (እስማማለሁ) የሚመለሱ ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው (1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9) ምስጋና፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው (2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10) ወቀሳ ናቸው። በደፈናው ስትደምሪ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ከጎዶሎዎቹ መልስ ላይ 1 ቀንሺ፤ የሙሉዎቹን መልስ ከ5 ላይ ቀንሺ፤ አሥሩን ደምረሽ በ2.5 አባዢ። አንድ ሰው ለጎዶሎዎቹ 4፣ 4፣ 5፣ 4፣ 4 ቢሰጥ 16 ይሆናል። ለሙሉዎቹ 2፣ 1፣ 2፣ 3፣ 2 ቢሰጥ 15 ይሆናል። ድምሩ 31፣ ውጤቱ 77.5 ነው። ይህ ከመቶ ይሁን እንጂ በመቶኛ አይነበብም፤ በብዙ ጥናቶች የተሰበሰበው አማካይ 68 አካባቢ ስለሆነ ከዚያ ጋር አወዳድሪው።

ለአሥሩም አንድ ዓይነት ቁጥር የሰጠ ሰው፣ ሁሉንም 5 ቢልም ሁሉንም 1 ቢልም፣ ውጤቱ 50 ይወጣል። እንዲህ ያለው ሳያነብ ያከበበ ሊሆን ስለሚችል ለይተሽ አውጪው። ወደ አማርኛ ስትመልሺው ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙ፣ ሦስተኛ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። «አይመስለኝም» በሚል አሉታ የሚያልቅ ዐረፍተ ነገር ላይ «አልስማማም» ማለት ሰውን ያምታታል፤ ወቀሳውን «የተወሳሰበ ሆኖብኛል» በሚል በቀጥታ ጻፊው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ ነው፤ ይህን ትምህርት መማር ትፈልጋለች። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ብትገባ ይሻላል ባይ ነኝ። (ከአሜሪካ)

መልስ፦ ሁለቱ አይጋጩም። በእናንተ አካባቢ ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ቤን ሽናይደርማን የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር ላቦራቶሪውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ፒትስበርግ ያለው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር ተቋም በ1994 ተመሥርቷል። ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ሰውን ማዕከል ያደረገ ዲዛይንና ምህንድስና የሚል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ትምህርቱ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ከኮምፒውተር ሳይንስ፣ በሌላው ከኢንፎርሜሽን ሳይንስ ወይም ከዲዛይን ጋር ስለሚሰጥ፣ ከስሙ ይልቅ የኮርሶቹን ዝርዝር ይዩ። ስታትስቲክስ፣ የሙከራ አሠራር፣ ቢያንስ ሁለት የፕሮግራሚንግ ኮርስና ከእውነተኛ ተጠቃሚ ጋር የሚሠራ ፕሮጀክት ከሌለበት እኛ አንመክርም። የስክሪን ሥዕል ብቻ የሚያስተምር ፕሮግራም ሥራ ፍለጋ ላይ ያዳክማታል።

እስከዚያው ልጅዎ እጇ ላይ ያለውን ትጠቀምበት። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ያገለግላል። አንድ የመንግሥት ቅጽ በአማርኛ ወስዳ አምስት እናቶች ሲሞሉት ትይ፣ የቆሙበትን ትጻፍ፣ ቅጹን አሻሽላ እንደገና ትሞክር። ያየችው፣ የቀየረችው፣ የተለወጠው በአራት ገጽ ከተጻፈ አሥር የሚያማምሩ ስክሪኖች ከሚያሳይ ፖርትፎሊዮ ይበልጣል። የእናቶቹን ስምና የግል መረጃ ግን አታውጣ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ የለኝም። የስክሪን ዲዛይን መሥሪያ የሆነውን ፊግማን በስልክ መሥራት ደግሞ አይመችም። ከክፍሉ ወደ ኋላ እቀራለሁ? (ከጅማ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው ዙር አትቀርም። የኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ቁረጥ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ የስልክ ስክሪን ነው። ጽሑፉን በማርከር፣ በሚነበብ መጠን ጻፍ። ብቅ የሚሉትን ማስጠንቀቂያዎችና የሚወርዱትን ዝርዝሮች በሌላ ቀለም ወረቀት ለብቻ አዘጋጅ። የሚጻፍባቸውን ሳጥኖች በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍነህ በሚጠፋ ማርከር ይጻፍባቸው። አንድ ጓደኛህ «ኮምፒውተሩ» ይሁን፤ ተጠቃሚው በጣቱ ሲነካ ቀጣዩን ቁራጭ ያቅርብ፣ አንዲት ቃል ግን አይናገር። ስህተት መልእክቶቹን አትርሳ፤ «ኔትወርክ የለም» እና «ቦታ አልቋል» የሚሉት ቁራጮች ካልተሠሩ መንገዱ ሁሉ የተቃና ይመስልሃል።

ወረቀት የማይፈትነው ነገር አለ፦ ፍጥነትን፣ የበተን መጠንን፣ ማንሸራተትን። እነዚህን ለሁለተኛው ዙር አቆይና ከዲፓርትመንቱ ላብ ኮምፒውተር ተጠቀም። ፊግማ ለተረጋገጠ ተማሪ በነጻ ነው፤ ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ስለሚቀመጥ ላቡ ውስጥ የሠራኸውን ስልክህ ላይ ከፍተህ ለተጠቃሚው ማሳየት ትችላለህ። መናኸሪያ ወይም ገበያ ከመሄድህ በፊት ስክሪኖቹን ምስል አድርገህ ስልክህ ላይ አውርዳቸው፤ እዚያ ኔትወርክ ቢጠፋ ወረቀቱም ምስሉም አብረውህ አሉ።